የዘንድሮ ማር፣ የዘንድሮ ጠጅ

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲያልፍ የዋግ ኽምራ ተራሮች ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚቆይ መልክ ይይዛሉ። ዓመቱን ሙሉ ድንጋይና ገደል የሚመስለው አገር አደይ አበባ ይለብሳል፤ ከከብት ንክኪ በተከለሉ ኮረብታዎችና በየእርከኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ መንተሴ የሚባለው አጭር ቁጥቋጦ ነጣ ያለ አበባውን ያወጣል። ዝናቡ ቀድሞ ከተቋረጠ ይህ ጊዜ ያጥራል፤ ነሐሴና መስከረም ከጠገቡ ይረዝማል። ጥቅምት ገብቶ ወደ ኅዳር ሲያዘግም፣ በሰቆጣ ዙሪያ፣ በጋዝጊብላና በደሃና መንደሮች፣ አናቢው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ጭሱን ይዞ ወደ ቀፎው ይጠጋል። ከሚቆረጠው የማር እንጀራ ማሩ ከሰፈፉ ሲለይ መጀመሪያ ላይ ኩልል ያለ ፈሳሽ ነው፤ ቀናት ሲያልፉ ረግቶ ይነጣል፤ በማንኪያ ሲነካ እንደ ለጋ ቅቤ ይቆረሳል። በየከተማው የማር መደብር የዋግ ወይም የሰቆጣ ነጭ ማር እየተባለ የሚፈለገው ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ማሩ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ወደ ገበያና ወደ ገበታ ይሄዳል፤ ለአራስ፣ ለእንግዳ፣ ለበሽተኛ ይቀርባል፤ የትውልድ ስፍራውም አብሮት ይጓዛል። ሌላው ወደ ጋን ይገባል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ማር አምራች ስትሆን ከምርቷ አብዛኛው የሚያልቀው በጠጅ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው ይሰፋል። ችግሩ ማሩ ጋን ውስጥ ሲገባ ስሙ ውጭ መቅረቱ ነው። ጠጁ በብርሌ ሲቀዳ ጠጪው የሚጠይቀው ደረቅ ነው ወይስ ለስላሳ የሚለውን ብቻ ነው። የየት አገር ማር እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ፣ ስንት ለስንት እንደተበጠበጠ፣ ማን እንደጣለው የሚጠይቅ የለም፤ የሚመልስም አይገኝም። የዋግ ጠጅ ጣዕምም ጥበብም አልጎደለውም፤ የጎደለው መታወቂያ ነው። ይህን ለማግኘት ፋብሪካ መትከል አያስፈልግም። በሌላው ዓለም ትንሽ የወይን እርሻ ያላቸው ቤተሰቦች የዓመቱን አዲስ ወይን ጠጅ አስቀድመው በትእዛዝ እንደሚሸጡና ደንበኞቻቸው በዓመት፣ በቦታና በእጅ ለይተው እንደሚቀምሱት ሁሉ፣ የሰቆጣ ቤተሰቦች ጠጅም በዚሁ መንገድ ሊታዘዝና ሊቀመስ ይችላል፤ ይገባዋልም።

ንጽጽሩ ከውጭ የተለጠፈ እንዳይመስል ቋንቋችንን ማየት ይበቃል። እኛ ከወይን ፍሬ የሚጣለውን መጠጥ የምንጠራው «ወይን ጠጅ» ብለን ነው፤ የወይን የሆነ ጠጅ ማለታችን ነው። በአማርኛ ጠጅ ግንዱ ነው፣ የወይኑ ቅርንጫፍ። ዋግ ውስጥም ቢሆን ወይን በብዛት የሚታወቀው በቤተ ክርስቲያን በኩል፣ ለቅዱስ ቁርባን በውኃ ተዘፍዝፎ በሚጨመቀው ዘቢብ ነው፤ ለሠርግና ለዓውደ ዓመት የሚጠራው ግን የማሩ ጠጅ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ መታወቂያ ያለው ቅርንጫፉ ነው። በዝዋይ የተተከለው የካስትል ወይን እርሻ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉ ወይን ጠጆችን ለገበያ ሲያቀርብ በ«ሪፍት ቫሊ» ጠርሙስ ላይ የወይኑ ዝርያ ሜርሎ፣ ሲራህ ወይም ሻርዶኔ ተብሎ ተጽፎ ነበር። ገዢው ከሜርሎውና ከሲራው የቱ እንደሚስማማው ለመለየት ጥቂት ዓመት ብቻ ፈጀበት። በአንጻሩ ነገሥታት በግብር አዳራሽ ሲያጠጡበት የኖረውና ለዘመናት ማር በግብርነት የተሰበሰበለት ጠጅ፣ ጠጪው ዓይነቱን በስም የሚለይበት ነገር እስካሁን አልተበጀለትም።

ጠጅ የሚጥል ቤት በሥራው ከትንሽ የወይን ጠጅ ቤት በምንም አያንስም። ጋኑ ወይም እንስራው በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ማሩ በውኃ ይበጠበጣል፤ የተለመደው ልክ አንድ ለሦስት ሲሆን እስከ አንድ ለአምስት የሚያቀጥኑም አሉ። አፉ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ሰፈፉና በላይ የተንሳፈፈው ይገፈፋል። ከዚያ ከብጥብጡ ጥቂቱ ተቀድቶ ከታጠበና ከተላጠ ጌሾ ጋር ይፈላና ተመልሶ ይጨመራል። ቆላ ከሆነ አምስት ቀን ግድም ይበቃዋል፤ እንደ ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነና ሌሊቱ በሚበርድ አገር ግን 15 ወይም 20 ቀን ይፈልጋል። እርሾ የሚጨምርበት ሰው የለም፤ በማሩ፣ በጌሾውና በጋኑ ግድግዳ ያደሩት ረቂቃን ሕዋሳት ሥራውን ይጨርሱታል። ማር በቀፎውም ሆነ በማሰሮው ሳለ የማይቦካው ውኃው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ስኳሩ ሕዋሳቱን አንቆ ይይዛቸዋል። ውኃ ሲያገኝ ይነቃሉ። ይህን ሁሉ የምታውቀው፣ ጋኑን በጆሮዋ አዳምጣ መፍላቱ መብረዱን የምትለየው፣ የጌሾውን ምሬት በምላሷ የምትመዝነው ሴት ናት። ቀፎው በአብዛኛው የወንዱ፣ ጋኑ የሴቲቱ ነው፤ ከአንድ ጣሪያ ሥር እርሻውም መጥመቂያውም ተሟልቷል ማለት ነው። በፈረንሳይ ወይም በጆርጂያ እንዲህ ያለ ቤት ሲገኝ የወይን ጠጅ ቤተሰብ ይባላል፤ የቤቱ ስምም በጠርሙስ ላይ ይወጣል።

ዓመትና ቦታ በማር ውስጥ መኖሩ ግምት አይደለም። ንቧ ከአበባ ወለላ ጋር የአበባ ብናኝ ይዛ ትገባለች፤ እያንዳንዱ ተክል የራሱ ቅርጽ ያለው ብናኝ ስላለው ማርን በማጉያ መሣሪያ የሚመረምር ባለሙያ ንቧ የት እንደዋለች ያነብባል። ከብናኙ 45 በመቶና ከዚያ በላይ የአንድ ተክል ሲሆን ማሩ በዚያ ተክል ስም እንዲጠራ የሚያስችል የቆየ መለኪያም አለ። ብናኙ ሲቦካ አይጠፋም፤ በጠጁ አምቡላ ውስጥ ይቀራል። በሌሎች አገሮች የሥነ ቅርስ ተመራማሪዎች ከሺህ ዓመታት በፊት በአንድ ዕቃ ውስጥ የነበረው መጠጥ ከማር የተጣለ መሆኑን የሚጠቁማቸው አንዱ ምልክት ይኸው ብናኝ ነው። ቀለሙም የራሱን ይናገራል፤ ነጣ ያለ ማር በአብዛኛው የማዕድን መጠኑ ያነሰ ነው፣ የጠቆረው የበዛ። ዋግ ደግሞ ለዚህ ንባብ የተመቸ አገር ነው። በጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ከደጋው አደይ አበባና መንተሴ ወደ ተከዜ ሸለቆ ግራር ይወረዳል። በአንድ ዞን ውስጥ የደሃና ደጋ ማርና የዝቋላ ቆላ ማር አንድ ዓይነት ሊሆኑ አይችሉም፤ አንዱ ዝናብ የጠገበበት፣ ሌላው የጎደለበት ዓመትም እንዲሁ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. አካባቢውን የመታው ድርቅ ሰውንና ከብትን ብቻ አልነካም፤ አበባ ያላገኘ ንብ ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። የድርቅ ዓመትን ማርና የጥጋብ ዓመትን ማር በአንድ ጋን ቀላቅሎ «ጠጅ» ማለት የአገሩን ታሪክ መሰረዝ ነው።

የትእዛዙ ልማድ አዲስ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ግን አለ። በሰሜኑ አገር ጥር የሠርግ ወር ነው። ልጁን የሚድር ሰው ጠጅ ጣይዋን የሚያነጋግረው ማሩ ከመቆረጡ በፊት ነው፤ አስቀድሞ ቀብድ ይሰጣል ወይም ማሩን ራሱ ያመጣል። አቆጣጠሩም የተገጣጠመ ነው። ማሩ በጥቅምትና በኅዳር ይወጣል፣ ጠጁ በጾመ ነቢያት ሳምንታት ይጣላል፣ ለገና ይከፈታል፣ በጥምቀትና በጥር ሠርጎች ያልቃል። ፈረንሳዮች በቦዦሌ አውራጃ የዓመቱን አዲስ ወይን ጠጅ በየዓመቱ በኖቬምበር ሦስተኛ ሐሙስ ያወጣሉ፤ በእኛ ሲሰላ ከኅዳር 5 እስከ 12 ባለው ጊዜ ይውላል። ያን ቀን ዓለም እንዲጠብቀው ያደረጉት ለሁሉም ቤት የሚያገለግል አንድ የታወቀ ቀን ቆርጠው፣ ዓመቱን በጠርሙሱ ላይ በመጻፍ ነው። የሰቆጣው ቀን፣ ገና፣ ከዚያ ይልቅ ሥር አለው፤ ከጾም ወደ ፍስክ መሻገሪያው ላይ ስለሚውል ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል።

መጠኑን ማስላት ደግሞ ሐሳቡ በምድር ላይ መቆሙን ያሳያል። ከባህላዊ ቀፎ በአንድ ቆረጣ የሚገኘው ማር ብዙ ጊዜ ከ10 ኪሎ በታች ነው፤ 8 ኪሎ እንበል። በክብደት አንድ ለሦስት ሲበጠበጥ 24 ሊትር ውኃ ይገባበታል፤ ከጋኑ 29 ወይም 30 ሊትር ይሞላል። አምቡላው ሲቀነስ 35 ጠርሙስ ግድም፣ ባለ ሦስት ሩብ ሊትር፣ ይወጣዋል። የማር ስኳር ከክብደቱ አራት አምስተኛ ገደማ ስለሆነ ይህ ልክ ሙሉ በሙሉ ከቦካ 12 በመቶ አካባቢ አልኮል ይሰጣል፤ አንድ ለአምስት ከሆነ ወደ 8 ይወርዳል። አሥር ቀፎ ያለው ቤተሰብ ግማሹን ማር በማርነቱ ሸጦ ግማሹን ቢጥል 170 ያህል ጠርሙስ ይኖረዋል። ይህ ለፋብሪካ ቁጥር አይደለም፤ ለ20 ወይም ለ30 ደንበኛ ግን ይበቃል። እነዚያ ደንበኞች በመስከረም ትእዛዝ ሰጥተው ግማሽ ዋጋ ቢከፍሉ፣ አናቢው ማሩን በችኮላ ለነጋዴ በርካሽ ከመስጠት ይድናል። በዓለም ላይ ያሉ ትንንሽ የወይን ቤቶች የሚኖሩት በዚህ ዓይነት ስሌት ነው።

መቅመስስ? በእኛ ቤት አሳላፊዋ ለእንግዳው ከመቅዳቷ በፊት ጥቂት ጠብታ በመዳፏ አፍስሳ ራሷ ትቀምሳለች። ልማዱ የመጣው መርዝ የለበትም ለማለት ነው፤ ግን ሌላም ነገር አለበት፤ የጣለችው ወይም የምታቀርበው ሰው ለመጠጡ በራሷ አካል ዋስ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ያለው ለጠጪው ነው። ብርሌው አንገቱ ጠባብ መሆኑ ሽታው ተሰብስቦ እንዲወጣ ይረዳል፤ ስለዚህ ከመጠጣት በፊት ማሽተት ይገባል። መጀመሪያ የሚመጣው የወይራ ጭስ ነው፣ ከሥሩ የጌሾው ቅጠል፣ ከዚያ አበባው። በምላስ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ጣፋጩ ቀድሞ ይደርሳል፣ ጎምዛዛው ይከተላል፣ የጌሾው ምሬት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ጎምዛዛነቱ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው፤ ሲያይል ጠጁ ኮመጠጠ ማለት ነው፣ ሲጠፋ ደግሞ ጣፋጩ ይደፈርሳል። ከነጭ ማር በተጣለ ጠጅ ላይ ቀለሙ ነጣ፣ ሽታው ስስ ስለሚሆን ጌሾው የሚሸሸግበት የለውም፤ እጅ የሳተ ጌሾ ወዲያው ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ጠጅ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ በመጣ ጥቁር ማር ከተጣለው ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሁለቱን በአንድ ቃል ለመጥራት ይቸገራል።

ለዚህ ሐሳብ የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚመጣው ከራሳቸው ከማር አዋቂዎች ነው። ነጭ ማር ለገበታ ነው፣ ለጠጅ ቀይ ማር ይበቃል ይላሉ፤ ገበያውም ሲከተለው የኖረ ልማድ ነው። ክርክራቸው ጠንካራ ነው፤ ዋጋው የሚከብደው ማር በውኃ ተበጥብጦ፣ በጌሾ ተሸፍኖ፣ በጭስ ታጥኖ ቢቀርብ ጥሩነቱ ባክኗል ሊባል ይችላል። ነገር ግን ይህ እውነት የሚሆነው ጠጁ ስም እስካልያዘ ድረስ ነው። ስም የሌለው ጠጅ በርካሹ ማር መጣሉ አይቀርም፤ ሻጭዋ ለተሻለው ማር የምታስከፍለው ምክንያት የላትም። ጠጪውም ቢጫ ቀለም እንደ ጥራት ምልክት ስለለመደ ነጣ ያለውን ይጠራጠራል፤ ሐቀኛው ጠጅ ሐሰተኛ ይመስላል። ልማዱን ያጸናው ገበያው ከሆነ፣ ገበያውን መቀየር ልማዱን ይቀይራል። በዚያ ላይ ሁሉም ነጭ ማር ወደ ጋን ይግባ የሚል የለም፤ ግማሹ ወይም ሩቡ ይበቃል። ሰፈፉ ሲታጠብ የሚወጣው ውኃም፣ ዛሬ ብርዝ ሆኖ የሚጠጣው ወይም የሚፈስሰው፣ የጥንስሱ አካል ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሳይንስ ወገን ይመጣል። ጠጅ በእያንዳንዱ ቤት ይለያያል፣ እንኳን ከዓመት ዓመት ከጋን ጋንም አንድ አይደለም፤ ስለዚህ መታወቂያ ምን ይረባዋል? የመለያየቱ ማስረጃ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ ካሉ ጠጅ ቤቶች 200 ናሙና ሰብስበው ሲመረምሩ የእርሾውና የባክቴሪያው ዓይነት ከቤት ቤት የሰፋ ልዩነት ነበረው። ግን ልዩነት የመታወቂያ ምክንያት እንጂ እንቅፋት አይሆንም፤ ሁሉም አንድ ቢሆን ኖሮ ስም ባላስፈለገ። የሚያስፈልገው ጠጪው ሊጨብጠው የሚችል መለኪያ ነው፤ በዚህ ፖላንዶች አርአያ ይሆናሉ። የማር ጠጃቸውን በብጥብጡ ልክ አራት ስም ሰጥተውታል። «ፑውቶራክ» የሚባለው ለአንድ እጅ ማር ግማሽ እጅ ውኃ፣ «ድቩይኒያክ» አንድ ለአንድ፣ «ትሩይኒያክ» አንድ ለሁለት፣ «ችቩርኒያክ» አንድ ለሦስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓ ኅብረት ስሞቹን በሕግ አስከብሮላቸዋል፤ ከዚያ ልክ የወጣ መጠጥ በእነዚህ ስሞች ሊሸጥ አይችልም። እኛ «አንድ ለሦስት» እያልን በየቤቱ የምንናገረውን እነሱ በመለያ ላይ ጻፉት። ልዩነቱ ያን ያህል ትንሽ ነው፤ ገዢው ግን ለምን እንደሚከፍል ያውቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው፤ ስኳር። በብዙ ከተማ ጠጅ ቤቶች ማሩ በስኳር ተተክቷል፣ ቢጫው ከቀለም ይመጣል፤ መለያ ቢለጠፍ ውሸቱ ከመለያው ጋር ይጓዛል ይላል ተጠራጣሪው። ይህን የሚል ሰው የተታለለ ሰው ነውና ሊሰማ ይገባዋል። የሸንኮራ ስኳርን ከማር ስኳር በካርቦን ቅንብሩ የሚለይ ምርመራ አለ፤ ግን እያንዳንዱ ጋን ላቦራቶሪ ይሄዳል ማለት ከንቱ ነው። ዋስትናው ያለው በመጠኑ ትንሽነት ውስጥ ነው። ደንበኛው ከስንት ቀፎ ስንት ጠርሙስ እንደሚወጣ ካወቀ፣ አሥር ቀፎ ያለው ቤት 1,000 ጠርሙስ ሲሸጥ ይጠይቃል። ስም ያለው ደግሞ ስሙን ይፈራል። በቡና ያየነው ይኸው ነው፤ ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሥታ ከረጅም ክርክር በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ስትደርስ የተረጋገጠው የቦታ ስም ሀብት መሆኑ ነው። ማርም ጀምሯል። «ስሎው ፉድ» የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የትግራይን ነጭ ማርና የወንጪን ማር በስማቸው ከሚጠብቃቸው የአካባቢ ምግቦች መዝገብ አስገብቷቸዋል። ከትግራይ ጋር አንድ ዓይነት ተራራና ዕፅዋት የሚጋራው ዋግ፣ ማሩ በአገር ውስጥ ታውቆ ሳለ፣ ጠጁ ከስም ውጭ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

አራተኛውን ለማንሳት ድፍረት ይጠይቃል። የሰቆጣ ስም ለብዙ ኢትዮጵያዊ ከረሃብ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ1977ቱ ዘመን የሆነው አልተረሳም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውም ያለ ነገር አይደለም። የሰሜኑ ጦርነት ያፈናቀላቸው ቤተሰቦች ባሉበት አገር ስለ መጠጥ ጣዕም መጻፍ ምን አመጣው? መልሱ የሚጀምረው ከእህል ነው። ጠላና አረቄ ገብስ፣ ዳጉሳና ማሽላ ይበላሉ፤ ከሕፃን አፍ ሊወጣ የሚችለውን እህል ያቦካሉ። ጠጅ ከአውድማው አንዲት ፍሬ አይነካም። ንብ መሬት አታሳርስም፣ ሞፈር አትጠይቅም፤ የሚያስፈልጋት አበባ ያለው ገደልና ውኃ ነው፤ ለዚህም ነው ከእርሻና ከግጦሽ የተከለሉ ተራሮች መሬት ላጣ ወጣት የቀፎ ቦታ የሆኑት። ቀፎ ያለው ተራራውን ከመጥረቢያ ይጠብቃል፤ አበባው ካለቀ ገቢውም ያልቃልና። ማሩ በጥሬው ሲሸጥ ትርፉን የሚወስደው ከሰቆጣ ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ የሚያጓጉዘው ነው፤ ከአንድ ኪሎ ማር ከሦስት ሊትር በላይ ስም ያለው ጠጅ ሲወጣ ግን ጭማሪው እዚያው፣ ጋኑ ባለበት ቤት፣ ብዙ ጊዜም በሴቲቱ እጅ ይቀራል። በእናት እጅ የገባ ገንዘብ ደግሞ ወደ ሕፃኑ ሰሃን የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። ስካር ጉዳት የለውም አልልም። ነገር ግን በዓመት አንዴ 170 ጠርሙስ በስም የሚሸጥ ቤት ከየዕለቱ የአረቄ ንግድ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

ከሁሉም ያስቸገረኝ የመንገዱ ነገር ነው፤ ሙሉ መልስም የለኝም። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ጠጅ ሕያው ነው፤ በጠርሙስ ታሽጎም መፍላቱን ሊቀጥል፣ ክዳኑን ሊያፈናጥር፣ በሙቀት ሊጎመዝዝ ይችላል። አፍልቶ ወይም በመድኃኒት ሕዋሳቱን ገድሎ መላክ ይቻላል፤ በውጭ አገር ከማር ጠጅ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ በካሊፎርኒያ በአየለ ሰሎሞን የተመሠረተው «ቢ ዲቫይን» ለምሳሌ የማር ጠጅን እንደ ወይን ጠጅ በጠርሙስ ለሬስቶራንት አቅርቧል። ያ መንገድ የራሱ ክብር አለው። ለሰቆጣ ግን የጆርጂያው ይሻላል እላለሁ። ጆርጂያውያን ወይን ጠጃቸውን «ክቨቭሪ» በሚባል መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ የሸክላ ጋን ይጥላሉ፤ ጥበቡ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ጋኑን አልለወጡም፤ ሰውን ወደ ጋኑ አመጡ። ሰቆጣ ከላሊበላ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ናት፤ በራሷ ዙሪያም ከአለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አለ። ላሊበላ የሚለውን የንጉሡን ስም ንቦች መንግሥቱን ዐወቁለት ብሎ የሚተረጉመው ትውፊት የአገው ነው፤ ዋግም አገው ነው። ሰላሙ ጸንቶ ለገና ወደ ላሊበላ የሚወጣው ሕዝብ መንገዱን ጥቂት ቢያራዝም የዓመቱን ጠጅ ከተጣለበት ጋን ይቀምሳል። ለሩቁ ደንበኛ ደግሞ ጠጁን ሳይሆን የረጋውን ማር ከነልኩና ከነጌሾው መላክ ይቻላል፤ ነጭ ማር መንገድ አይጎዳውም። በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን የሚጥለው ሰው የማሩን ዓመት ያውቃል፣ የውኃው ልዩነት ምን እንዳደረገም በምላሱ ይፈርዳል።

ታዲያ መታወቂያው ምን ይጻፍበት? የትምህርት ቤት ልጅ በደብተር ወረቀት ላይ ሊጽፈው የሚችል ነው። ሰቆጣ ዙሪያ፣ የጥቅምት ማር፣ በአብዛኛው መንተሴና አደይ አበባ። አንድ ለሦስት። ኅዳር 20 ተጣለ፣ ታኅሣሥ 25 ተጣራ። ከአምስት ቀፎ፣ 170 ጠርሙስ። ዝናቡ በመስከረም አጋማሽ ቆመ። ከዚያ ሁለት ስም፤ ማሩን የቆረጠው፣ ጠጁን የጣለችው። በአብዛኛው ቤት የመጀመሪያው ስም በኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ ላይ ይገኛል። ሁለተኛው እስካሁን የተጻፈበት ወረቀት የለም፤ ጎረቤት ለልጁ ሠርግ ጠጅ ሲፈልግ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ብቻ ያውቃል።